የሥነ ጥበብ ትምህርት፦ ከወዳደቀ ዕቃ የሚሠራ ጊዜያዊ የአደባባይ ጥበብ

የዛሬው ትምህርታችን ሥነ ጥበብን የሚመለከት ነው። ይኸውም ከወዳደቁ ዕቃዎች ተሠርቶ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ሥፍራ ለጥቂት ጊዜ ቆሞ፣ ከዚያ ስለሚነሣ ሥራ ነው። ሠዓሊዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ‹‹ኢንስታሌሽን›› ይሉታል፤ መትከል ወይም መግጠም ማለት ነው። ሥዕል ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ ሐውልትም በቆመበት ይኖራል። ኢንስታሌሽን ግን የተተከለበትን ቦታ ጭምር የሥራው አካል ያደርገዋል፤ ተመልካቹ ዙሪያውን ይሄዳል፣ አንዳንድ ጊዜም በመካከሉ ያልፋል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ታወቁት ሠዓሊዎች ከመሄዴ በፊት ባለፈው መንፈቀ ዓመት በራሳችን ግቢ የደረሰውን ልናገር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ታስታውሱታላችሁ። ጥፋቱ የእኔ ስለነበረ እኔው ብጽፈው ይሻላል።

ከየቤታችሁ ቆርቆሮ፣ የጀሪካን ስባሪ፣ ሽቦና የጠርሙስ ክዳን አምጡ ብዬ አዘዝኳችሁ። በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ዋርካ ልንሠራ አሰብን። ባዶ የዘይት ቆርቆሮዎችን አንዱን በአንዱ ላይ ደርበን ግንድ አደረግናቸው፤ ሽቦው ቅርንጫፍ ሆነ፤ ቅጠሉን ከቆርቆሮ ቆረጥን። በሦስት ቀን ቆመ። ንፋስ ሲነሣ ቅጠሎቹ እርስ በርስ እየተጋጩ ያቃጭሉ ነበር። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሰዎች ጀሪካናቸውን አውርደው ይመለከቱት ጀመር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ ደረቴን ነፍቼ ነበር ብል እውነቱ እሱ ነው።

በአራተኛው ቀን ጧት በሩን ልከፍት ስመጣ አንዲት አሮጊት እናት ቆመው አገኘሁ። ‹‹እማማ፣ እንደምን አደሩ?›› አልኳቸው። ‹‹እግዚአብሔር ይመስገን›› አሉና ዓይናቸውን ከዋርካው ሳያነሡ፣ ‹‹መምህር፣ ከታች ሦስተኛው የኔ ነው›› አሉኝ። ቆርቆሮውን ማለታቸው ነው። ‹‹ዱቄት የማኖርበት ነበር። ልጁ ባዶውን ቢያገኘው አንሥቶ አመጣው። ትናንት ራሽን ወሰድኩ፤ ዱቄቱ በጆንያ መሬት ላይ ነው ያለው። አይጥ ደግሞ አለ።››

‹‹ሥራው ሲያልቅ ይመለስልዎታል›› ማለት ዳድቶኝ ነበር፤ አፍሬ ተውኩት። ከታች ሦስተኛውን ማውጣት ዛፉን መጣል ነው። ጣልነው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሌሎችም መጡ። አንድ አባት የፈለጉት የበራቸውን መድፈኛ ቆርቆሮ ነበር፤ እሱ ግን ለቅጠል ተቆራርጧል። ምን ብዬ ልመልስ? ሌላ ገዝቼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝ፤ ነገር ግን ‹‹ያኛው ወፍራም ነበር›› አሉኝ።

የተሳሳትኩት ‹‹ቆሻሻ አምጡ›› ያልኩ ጊዜ ነው። በካምፕ ውስጥ የዘይት ቆርቆሮ ሥራ የሚጀምረው ዘይቱ ካለቀ በኋላ ነው። መስፈሪያ ይሆናል፣ ምድጃ ይሆናል፣ ተዘርግቶ በር ይሆናል። ካርቱም ያደጋችሁም ብትሆኑ፣ ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ከመነሣቱ በፊት የነበረውን የኦምዱርማን ገበያ ታስታውሱ ይሆናል። የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ድምፅ ሱቃቸው ሳይታይ ይሰማ ነበር። ለእነዚያ ሰዎች ቆርቆሮ ዕቃ እንጂ ቆሻሻ አልነበረም።

የዋርካውን ሐሳብ የወሰድኩት ከሁለት አፍሪካውያን ሠዓሊዎች ነው። (ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ላይ አቋርጬ የወጣሁ ስለሆንኩ፣ በዚያም ላይ የተማርኩት ሥነ ጥበብ ስላልሆነ፣ የማውቀው በንባብ ያገኘሁትን ነው።) ከእነርሱም የወሰድኩት ግማሹን ብቻ ኖሯል። ምን እንደሠሩ አየሁ፤ ዕቃውን ከየት እንዳገኙት ግን ልብ አላልኩም።

አንደኛው የአገራችን ሰው ኤልያስ ስሜ ነው። በ1968 አዲስ አበባ ተወለደ፤ እዚያው በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1990 ተመረቀ። ክርና የልብስ ቁልፍ ጨርቅ ላይ እየሰፋ ብዙ ሥራ ሠርቷል። በኋላ ደግሞ የተጣሉ የኮምፒዩተር ክፍሎችን፣ የፊደል መምቻዎችንና የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ያዘ። ሽቦውን እንደ ሹሩባ ይጎነጉነዋል፤ ከእንጨት ጋር በምስማር ያያይዘዋል። ከቅርብ ሲያዩት ሽቦ ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል። እነዚህን ሥራዎች ‹‹ታይትሮፕ›› ብሎ ሰይሟቸዋል። ታይትሮፕ ማለት ሰው ሚዛኑን ጠብቆ በአየር ላይ የሚራመድበት የተወጠረ ገመድ ነው። ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖም በመካኒሳ የዞማን ሙዚየም አቋቁሟል፤ ቤቶቹ በአባቶቻችን ዘዴ ከጭቃና ከጭድ የተሠሩ ናቸው፤ በ2019 ተከፈተ።

ኤልያስ ዕቃውን የሚያገኘው መርካቶ ገዝቶ ነው። እዚህ ተወልዳችሁ አዲስ አበባን ላላያችሁ ላስረዳ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ‹‹ቆራሌው!›› እያለ በየሰፈሩ ይዞራል። የቤት እመቤቶች አሮጌ ጫማ፣ ጠርሙስ፣ የተሰበረ ድስት አውጥተው ይሸጡለታል። እሱ ደግሞ መርካቶ ምናለሽ ተራ ወስዶ ይሸጠዋል። እዚያ የመኪና ጎማ በረባሶ ይሆናል፣ በርሜል ምድጃ ይሆናል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕቃው ኤልያስ ዘንድ እስኪደርስ ባለቤቱ ፈቅዶ ሰጥቶታል፣ ቆራሌው ጥቂት አትርፎበታል፣ የመርካቶው ነጋዴም እንዲሁ።

ሁለተኛው ኤል አናትሱይ ነው። በ1944 በጋና ተወለደ፤ ከ1975 ጀምሮ በናይጄሪያ፣ በንሱካ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተማረ። በ1998 ገደማ ከንሱካ አቅራቢያ በከረጢት የተጣለ የአልኮል ጠርሙስ ክዳን አገኘ። ክዳኖቹን ከረዳቶቹ ጋር እየጠፈጠፈና እያጠፈ በመዳብ ሽቦ ያያይዛቸው ጀመር። በሺህ የሚቆጠሩ ክዳኖች ሲጋጠሙ እንደ ትልቅ ጋቢ የሚተጣጠፍ ነገር ይሆናሉ። ጌጥ ብቻ ግን አይደለም። በባሪያ ንግድ ዘመን ነጋዴዎች ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይዘው ከመጧቸው ሸቀጦች አንዱ አልኮል ነበር፤ ክዳኑ ያንን ታሪክ ያስታውሳል።

በ2013 በለንደን የሮያል አካዳሚን ሕንፃ የፊት ግድግዳ እንዲህ ባለ ሥራ አለበሰው፤ ስፋቱ 15 በ25 ሜትር ያህል ነበር። ከጥቅምት 2023 እስከ ሚያዝያ 2024 ደግሞ በዚያው ከተማ ቴት ሞደርን በተባለው ሙዚየም ትልቅ አዳራሽ ሦስት ግዙፍ ሥራዎች ሰቅሎ ነበር። ጊዜው ሲደርስ ወረዱ። ለእኔ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፦ የእሱ ሥራ ተጣጥፎ በሣጥን ይገባል፤ ሌላ ቦታ ሲዘረጋም መልኩን ይለውጣል። የእኔ ዋርካ ግን መቆም እንጂ መፈታት አይችልም ነበር።

ጊዜያዊ ነገር መሥራት ለእኛ እንግዳ አይደለም። መስከረም አሰግድ በ2002 በአዲስ አበባ ያዘጋጀችው የጥበብ ዝግጅት ስሙ ራሱ ‹‹ጊዜያዊ›› ነበር። ከዚያም በፊት ቢሆን የደመራ ችቦ ተደምሮ ያድራልን? የእድር ድንኳንስ ከሦስት ቀን በኋላ ተጠቅልሎ ወደ ዕቃ ቤት አይገባምን? ታዲያ ጊዜያዊ የሆነ ሁሉ አንድ አይደለም። በ2019 ካርቱም በዴም ሰፈር እኖር ነበር። ከሚያዝያ 6 እስከ ሰኔ 3 ሕዝቡ በጦር ኃይሉ ጠቅላይ መምሪያ ፊት ለፊት ተቀምጦ በነበረበት ወቅት ግድግዳው ሁሉ በሥዕል ተሞላ። አላ ሳቲርና ጋላል ዩሱፍ ከሠዓሊዎቹ መካከል ነበሩ። ወጣቶች የባቡሩን ድልድይ ብረት በድንጋይ እየመቱ ሌት ተቀን እንደ ከበሮ ያሰሙት ነበር፤ ብረቱም ድንጋዩም መንገድ ላይ የተገኘ ነው። ሰኔ 3 ቀን ሕዝቡ በጥይት ተበተነ፤ ብዙ ሰውም ሞተ። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ በነጭ ቀለም ተለቀለቁ። ያ ሥራ ጊዜያዊ የሆነው ሠሪው ፈልጎ አይደለም። አናትሱይ ሥራውን ሲያወርድና ሌላ ሰው የሌላውን ሥራ ሲደመስስ፣ ሁለቱም ግድግዳውን ባዶ ያስቀራሉ፤ ስማቸው ግን አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ። ያለን ቆርቆሮ ሁለት ዓይነት ነው። የዘይት ቆርቆሮ በአብዛኛው ብረት ነው፤ የለስላሳ መጠጥ ጣሳ ብዙውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው። ለመለየት ከተበላሸ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥታችሁ አስጠጉት፤ ብረቱን ይስበዋል፣ አሉሚኒየሙን አይስበውም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፣ ብረት ግን ከ1500 በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ አሮጌ አሉሚኒየም በትንሽ የከሰል እሳት እንኳ ቀልጦ ድስት ይሆናል። አሮጌውን ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚያስፈልገው ኃይል 5 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ የጣሳ ለቃሚዎች ገበያ የማያጡት ለዚህ ነው። በሌላ በኩል መዳቡን ለማግኘት የኤሌክትሪክ ሽቦ ማቃጠል ክልክል ነው፤ የፕላስቲኩ ጭስ መርዝ ነው። የባትሪ ድንጋይ አትሰንጥቁ። የመኪና ባትሪ ደግሞ አሲድና እርሳስ ስላለበት ጨርሶ አትንኩ።

የዋርካው ግንድ ያልወደቀው ከታች ባሉት ሁለት ቆርቆሮዎች አሸዋ ስለሞላን ነው። ክብደቱ ወደ መሬት በቀረበ መጠን ነፋስ ሊጥለው ይቸገራል። ይህን ለሚቀጥለውም እንጠቀምበታለን።

አዎን፣ የሚቀጥለው አለ። ይህኛውን በውሰት እንሠራዋለን። ሠርግ ሲሆን ከጎረቤት ትሪና ሳሕን እንዋሳለን አይደል? እንዳይጠፋም ከጆሮው ላይ ክር ይታሰርበታል፣ ወይም ከሥሩ ቀለም ይነካል። እኛም እንዲሁ እናደርጋለን። ማንም ተማሪ ከእናቱ፣ ከአባቱ ወይም ከሚያሳድገው ሰው ፈቃድ ሳያገኝ ምንም ዕቃ አያመጣም። የዕቃው ባለቤት ስም በደብተር ይመዘገባል፤ ባለ ቁጥር ጨርቅም ይታሰርበታል። መቁረጥ የለም፣ መብሳት የለም፣ ምስማር የለም። የምናያይዘው በገመድና በጨርቅ ብቻ ነው። ቅዳሜ ጧት በ2 ሰዓት ይተከላል፤ እሑድ ማታ ይፈታል፤ ሰኞ ከትምህርት በፊት ዕቃው በየቤቱ ይደርሳል። ራሽን የሚታደልበት ሳምንት እንዳይሆን ቀኑን አጣርቻለሁ።

የቤት ሥራችሁ እነሆ። በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች መጀመሪያ ለሌላ ነገር የተሠራ አንዱን ምረጡ። ቀድሞ ምን እንደነበረ፣ ማን እንደለወጠው፣ አሁን ምን እንደሚያገለግል ቤተሰብ ጠይቃችሁ አንድ ገጽ ጻፉ። ከዚያም ያለመቁረጥና ያለመብሳት ከሌሎች አምስት ዕቃዎች ጋር እንዴት ሊቆም እንደሚችል በእርሳስ ንደፉት። የትኛው ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደሚሆን ምክንያቱን ግለጹ። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ‹‹ጊዜያዊ›› እና ‹‹የተደመሰሰ›› የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር አስገቡ።

ባለ ዱቄት ቆርቆሮዋን እማማም በዚህ ሳምንት ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ለሁለት ቀን አበድራለሁ ብለዋል። ያስገቡት ውል ግን አለ፤ የሳቸው ቆርቆሮ ከላይ ይሁን።