ለሳሎን ሥዕል መምረጥና ከነጠላ ጥለት በራስ መሥራት

ብዙዎቻችን ሥዕል የምንገዛው ሱቅ ውስጥ ዓይናችንን ስለሳበን ነው። ቤት ወስደን ስንሰቅለው ግን ሰፊው ግድግዳ ላይ ፖስታ ላይ እንደተለጠፈ ቴምብር አንሶ ይቀራል፤ ወይም ደግሞ ክፍሉን ያጨናንቀዋል። መፍትሔው ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው፤ መጀመሪያ ግድግዳውን ይወቁ፣ ሥዕሉን ከዚያ ይፈልጉ።

1. ግድግዳውን ይለኩ

ከሶፋ ወይም ከቡፌ በላይ የሚሰቀል ሥዕል ወርዱ የዕቃውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢሆን ይመረጣል። ሶፋው 2 ሜትር ከሆነ ሥዕሉ 130 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን ማለት ነው። ይህን የሚያህል ከሌለዎት ሁለት ሦስት ትንንሽ ሥዕሎችን ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር እያራራቁ መደርደር ይቻላል። ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት አሮጌ ጋዜጣ በልኩ ቆርጠው በፕላስተር ይለጥፉና ጥቂት ቀን ይዩት። ከበሩ ሲገቡም፣ ሶፋው ላይ ተቀምጠውም ይመልከቱት።

2. ፀሐይ፣ እርጥበትና ጭስ ይመርምሩ

ቀጥታ ፀሐይ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ፎቶግራፍ፣ የውኃ ቀለም ሥዕልና በቀለም የተነከረ ስፌት ይደበዝዛሉ። ከመታጠቢያ ቤት ጋር የሚዋሰን ግድግዳ ደግሞ ለብራና ሥዕል አይሆንም፤ ብራና እርጥበት ሲነካው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማደዳል። ዕጣን ከሚጨስበትና ከሰል ከሚቀጣጠልበት ማዕዘን በላይ መስታወት የሌለው ሥዕል አይስቀሉ፤ ጥቀርሻው ሸራው ውስጥ ከገባ አይለቅም።

3. ከየት ሆነው እንደሚያዩት አስበው ይምረጡ

የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ክፍልፋዮች የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል ቀርበው የሚያነቡት ዓይነት ነው። ቦታው ኮሪደር ወይም የምግብ ጠረጴዛ አጠገብ፣ በዓይን ትክክል ነው፤ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ ታሪኩ ይጠፋል። ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ የሚታወቅበትን ዓይነት ረቂቅ ሥዕል ግን ራቅ ብለው ሲያዩት ይበልጥ ያምራልና ከሶፋው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ ግድግዳ ይስማማዋል።

ሥዕል ብቻ የግድ አይደለም። በሐረር የጥንት ቤቶች ግድግዳው በስፌትና በሳህን ያሸበረቀ ነው። ይህን መሞከር ከፈለጉ ስፌቶቹን መጀመሪያ ወለል ላይ ይደርድሩ፤ ትልቁን መሀል አድርገው ትንንሾቹን ዙሪያውን ያስቀምጡ።

ሲገዙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ኦሪጅናል ነው ወይስ ኅትመት? ቀለሙ ምንድን ነው? ሠዓሊው ፈርሞበታል? በ1950 ዓ.ም. የተመሠረተው የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ዐውደ ርእይ ሲያቀርቡ ሄዶ ማየትም ዓይንን ያሠለጥናል።

4. ከነጠላ ጥለት ራስዎ ይሥሩ

የሚያስፈልጉ ነገሮች፦ ያረጀ ነጠላ ወይም ቀሚስ ጥለት፣ አቡጀዲ፣ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ፣ ነጭ የጥጥ ክር፣ መርፌ እና ስቴፕለር ወይም ትንንሽ ሚስማር።

ሀ. እርጥብ ነጭ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ተጭነው ይሞክሩ። ቀለም ከለቀቀ ሳያጥቡ አናፍሰው ብቻ ይጠቀሙበት፤ ካልለቀቀ በቀዝቃዛ ውኃ አጥበው ጥላ ውስጥ ያድርቁት።

ለ. አቡጀዲውን አስቀድመው አጥበው ይተኩሱ፤ ሳይታጠብ ከተወጠረ በኋላ እርጥበት ሲያገኘው ይሰበሰባል። ከዚያ 76 በ56 አድርገው ይቁረጡት፤ በየጎኑ የሚተርፈው 8 ሴንቲ ሜትር ለመጠቅለያ ነው።

ሐ. ጥለቱን መሀል ላይ አስቀምጠው ዳር ዳሩን በጥቃቅን ስፌት ይያዙት። ዙሪያው ነጭ ሆኖ ቢቀር ጥለቱ ጎልቶ ይወጣል። ኮላ አይጠቀሙ፤ ውሎ አድሮ ጨርቁን ቢጫ ያደርገዋል።

መ. ጨርቁን ኮምፔንሳቶው ላይ ሲወጥሩ ከአንዱ ጎን መሀል ይጀምሩ፤ ቀጥሎ የትይዩውን መሀል ይምቱ። አራቱም መሀሎች ሲያዙ ወደ ማዕዘኖቹ ይሂዱ። ከማዕዘን ከጀመሩ ጥለቱ ይጣመማል።

ሠ. ፍሬም ቤት ሲወስዱት መስታወቱ ጨርቁን እንዳይነካ ክፍተት እንዲተዉለት ያሳስቡ።

5. በልኩ ይስቀሉ

የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዓይን ይመቻል። ሚስማሩ የት እንደሚያርፍ ለማወቅ 150 ላይ የሥዕሉን ቁመት ግማሽ ይደምሩ፤ ከጀርባ ያለው ገመድ ሲወጠር ከላይኛው ጠርዝ የሚርቀውን ይቀንሱ። ቁመቱ 40፣ የገመዱ ርቀት 5 ከሆነ ሚስማሩ 165 ላይ ይመታል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ግን ይህን ትተው የሥዕሉን ታችኛ ጠርዝ ከመደገፊያው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያድርጉት።

የብሎኬት ግድግዳ ከሆነ በድሪል በስተው ፊሸር ያስገቡ፤ ሚስማር በመዶሻ ከመቱበት ልስኑ ይፈረፈራል። ከማብሪያ ማጥፊያና ከሶኬት ቀጥታ በላይም ሆነ በታች አይብሱ፤ ሽቦ ሊያልፍበት ይችላል። ከባድ ሥዕል በሁለት ብሎን ይያዝ፤ መስተካከሉንም በውኃ ልክ ያረጋግጡ።

6. ይንከባከቡት

አቧራውን በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያራግፉ። መስታወት ሲወለውሉ ፈሳሹን ጨርቁ ላይ እንጂ መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ በፍሬሙ ጠርዝ ሰርጎ ሥዕሉን ያበላሻል። ከክረምት በኋላ አውርደው ጀርባውን ይዩ። ሻጋታ ካገኙበት አድርቀው ሌላ ግድግዳ ይፈልጉለት።