ሴራሚክና ጥምር ድንጋይ ለወጥ ቤት ካውንተር፦ ከገጹ ጥንካሬ እስከ ቆራጩ ጤና

ለወጥ ቤት ካውንተር ገጽ የሚቀርቡት ፖርሴሊን ሴራሚክና የኳርትዝ ጥምር ድንጋይ በመልክ ቢቀራረቡም በአሠራራቸው ይለያያሉ። ፖርሴሊን የሸክላ አፈር፣ ፌልድስፓርና ኳርትዝ ተፈጭተውና ተጨምቀው በ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ተተኩሰው የሚገኝ ነው። ጥምር ድንጋይ ግን ከክብደቱ 90 በመቶ ገደማ የሚሆነው የተፈጨ ኳርትዝ በፖሊስተር ሬዚን ተጣብቆ ይሠራል።

ልዩነቱ በአገልግሎት ወቅት ይገለጣል። ከእሳት የወረደ ድስት ሬዚኑን ሊያጠቁረው ይችላል፤ ፖርሴሊን ግን ሙቀቱን ይቋቋማል። በአንጻሩ ሬዚኑ ለጥምር ድንጋዩ መጠነኛ ተጣጣፊነት ስለሚሰጠው ድንገተኛ ምትን የተሻለ ይችላል፤ የፖርሴሊን ጠርዝ ግን በቀላሉ ይሸረፋል።

ይሁንና ንጽጽሩ በተጠቃሚው ፍላጎት ብቻ ሊወሰን አይገባም። ጥምር ድንጋይ ያለ ውሃ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ የሲሊካ ብናኝ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። በዚህም ምክንያት አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ምርቱን ከልክላለች፤ ፖርሴሊን በክልከላው አልተካተተም። ሆኖም ፖርሴሊንም ሲሊካ ስላለው፣ ሲቆረጥ ውሃ ሊፈስበት፣ ሠራተኛውም የመተንፈሻ መከላከያ ሊያደርግ ይገባል።

ስለሆነም የመረጣ መስፈርታችን ከሙቀትና ከምት ቻይነት ጎን የሲሊካን መጠን ማካተት ይኖርበታል።