በትምህርት ቤት የሚተከል የንጽሕና ልማድ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዕድሜ የጕርምስና ዕድሜ ብሎ ይጠራዋል። በዚህ ጊዜ ልጅ ከእናቱ እጅ ወጥቶ ገላውን ራሱ መጠበቅ ይጀምራል፤ የሚይዘውም ልማድ፣ መልካምም ቢሆን ክፉ፣ ብዙ ጊዜ አብሮት ያረጃል።

ነገር ግን ልማድ በቃል ብቻ አይተከልም። ተማሪው እጅን በሳሙና መታጠብ ተቅማጥን እንደሚከላከል በፈተና ወረቀት ላይ በትክክል ይጽፍ ይሆናል፤ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ውሃ ካላገኘ ግን እንዲሁ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። እንዲህ ባለ ትምህርት ቤት ልጁ የሚለምደው የተማረውን ችላ ማለትን ነው። በአውሮጳ አቈጣጠር በ2000 ዓ.ም. በዳካር በተደረገው የዓለም የትምህርት ጉባኤ ዩኔስኮ፣ ዩኒሴፍ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ ባቀረቡት የትምህርት ቤት ጤና ዕቅድ፣ የጤና ትምህርትን ከንጹሕ ውሃና ከመጸዳጃ ቤት ጋራ ማጣመራቸው ይህንኑ ያስረዳል።

ለምሳሌ ትራኮማን እንመልከት። የዚህ በሽታ ተሐዋስያን ከታመመ ሰው ዐይንና አፍንጫ በሚወጣ ፈሳሽ፣ በእጅ፣ በፎጣና በዝንብ አማካይነት ይተላለፋሉ። በሽታው ሲደጋግም የዐይን ቆብ በውስጡ ይጠብሳል፤ ሽፋሽፍቱም ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል፤ ፍጻሜውም ዐይነ ስውርነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የፊት ንጽሕና ከቀዶ ሕክምና፣ ከመድኀኒትና ከአካባቢ ንጽሕና ጋራ ከአራቱ የመከላከያ መንገዶች አንዱ ሆኖ ተቈጥሯል። ፊቱን በየማለዳው መታጠብ የለመደ ተማሪም ለታናናሾቹ ምሳሌ ይሆናል።

የልጃገረዶችም ጕዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የወር አበባ የተፈጥሮ ሥርዐት ነው እንጂ ሕመምም ነውርም አይደለም። ውሃ ያለውና በሩ ከውስጥ የሚቈለፍ መጸዳጃ በሌለበት ግን፣ ልጃገረድ በእነዚያ ቀኖች ከትምህርቷ መቅረትን ልትመርጥ ትችላለች። አስቀድማ የተማረችና ስፍራ የተዘጋጀላት ልጅ ግን ሳትደነግጥ ራሷን ትጠብቃለች።

እንግዲህ መምህራን የሚከተለውን ቢፈጽሙ መልካም ነው።

1ኛ/ ቧንቧ ከሌለ፣ ከበታቹ ተበስቶ ውታፍ የተደረገለት ጀሪካን በመጸዳጃው አጠገብ ይሰቀል፤ ሳሙናም አይታጣ።

2ኛ/ ውሃ የመሙላቱ ተራ ለወንዶችም ለሴቶችም ተማሪዎች እኩል ይደልደል።

3ኛ/ መምህሩ ራሱ በተማሪዎቹ ፊት እጁን ይታጠብ።

4ኛ/ ሳይታጠብ የመጣ ልጅ በጓደኞቹ ፊት አይዋረድ፤ በቤቱ ውሃ አጥቶ ሊሆን ይችላልና።

ትምህርቱ ልማድ መሆኑ የሚታወቀው፣ ተማሪው ማንም ሳያየው እጁን ሲታጠብ ነው።