ሁለተኛውን ቁልፍ ስንመርጥ

በዚህ እትም የምናካፍላችሁ ትምህርት ባለፈው ክረምት ካደረግነው የተግባር ልምምድ የወጣ ነው። ሦስት የምህንድስና ተማሪዎች ሆነን ኮልፌ ቀራኒዮ፣ አየር ጤና አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ለሁለት ወር ሠርተናል። ድርጅቱ 40 ገደማ ሠራተኞች አሉት። የተሰጠን ሥራ ቀላል ይመስል ነበር፦ ሠራተኞቹ ወደ ድርጅቱ ኢሜይልና የሒሳብ ሲስተም ሲገቡ ከፓስወርድ ሌላ የሚጠየቁት ሁለተኛ ማረጋገጫ ምን ይሁን?

በሁለተኛው ቀን መልሱን አገኘን ብለን ነበር። "ሁሉም ስልክ አለው፤ በኤስኤምኤስ ኮድ ይላክለት" የሚል አንድ ገጽ ጽፈን አቀረብን። የሒሳብ ክፍል ኃላፊዋ አነበቡትና "ልጆቼ፣ ደውሎ ኮዱን ንገሪኝ የሚለኝንስ ምን ላድርገው?" አሉን። ለካስ ከጥቂት ሳምንታት በፊት "ከባንክ ነው" ያለ ሰው ደውሎላቸው፣ በስማቸው ጠርቷቸው፣ ስልካቸው ላይ የገባውን ባለ 6 አሃዝ ኮድ እንዲያነቡለት ጠይቋቸዋል። አራተኛው አሃዝ ላይ ደርሰው ሳለ ልጃቸው ሰምታ ባታስቆማቸው ኖሮ አንብበው ይጨርሱት ነበር። ያ ጥያቄ ወረቀታችንን አስጥሎ ሥራውን እንደገና አስጀመረን።

ሁለት ሲባል ምን ማለት ነው?

አንድ ሰው ራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥባቸው ነገሮች ሦስት ዓይነት ናቸው። የሚያውቀው አለ፤ ፓስወርድና ፒን። በእጁ የያዘው አለ፤ ስልክ፣ ሲም ካርድ፣ የደህንነት ቁልፍ። በአካሉ ያለ አለ፤ አሻራና ፊት። ሁለት ማረጋገጫ አለን ለማለት ሁለቱ ከተለያየ ዓይነት መሆን አለባቸው። ፓስወርድ ጠይቀን ቀጥለን "የእናትህ ስም ማን ነው?" ብንል ሁለቱም የሚታወቁ ነገሮች ናቸው፤ አንዱን ያወቀ ሌላውንም ማወቅ አያቅተውም። መድረሳ ስለ ሰነድ የተማርን ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን፦ ሁለት ሰዎች ከአንድ ሰው የሰሙትን ቢነግሩን ወሬው የሚቆመው በዚያው በአንዱ ሰው ላይ ነው።

አራቱ መንገዶች

የመጀመሪያው የኤስኤምኤስ ኮድ ነው። ጥሩነቱ በተራ ስልክም መሥራቱ ነው። ድክመቱ ሦስት ነው። ኮዱ ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ሌባው በሐሰት ማስረጃ ምትክ ሲም ካወጣ ኮዱ ወደ እሱ ይሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2019 የትዊተር መሥራችና የወቅቱ ሥራ አስፈጻሚ የጃክ ዶርሲ አካውንት የተጠለፈው ስልክ ቁጥሩ ከእጁ ወጥቶ ነው። በዚያ ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ ኮዱም ይጠፋል። የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ይህን መንገድ በገደብ ብቻ የሚፈቀድ አድርጎታል። ያም ሆኖ ከባዶ ፓስወርድ ይሻላል።

ሁለተኛው አውቴንቲኬተር አፕ ነው። መጀመሪያ ኪውአር ኮድ ስናነሳ ስልካችንና ሰርቨሩ አንድ ምስጢር ይጋራሉ። ከዚያ ሁለቱም ያንን ምስጢርና ሰዓቱን አጣምረው ያሰላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ የሚቀየር ኮድ ይወጣል። በሲሙ ላይ ስለማይመሠረት ምትክ ሲም ያወጣ ሰው አያገኘውም። ኮዱን ለማውጣት ኢንተርኔትም ኔትወርክም አያስፈልግም፤ ፓኬጅ ላለቀበት ሠራተኛ ትልቅ እፎይታ ነው። ግን ይህም ኮድ ጮክ ብሎ ይነበባል፤ በሐሰተኛ ገጽ ላይም ይጻፋል።

ሦስተኛው ስልክ ላይ "አንተ ነህ?" ብሎ የሚመጣ የማጽደቂያ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 ኡበር የተጠቃው በዚህ በር ነው። ሌባው የአንድ የኮንትራት ሠራተኛ ፓስወርድ ነበረው፤ ደጋግሞ ለመግባት ሞከረ። ሠራተኛው ጋ ጥያቄው በመጣ ቁጥር አላጸደቀም፤ በመጨረሻ ግን አንዱን አጸደቀ። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከሜይ 2023 ጀምሮ ኮምፒውተሩ ላይ የሚታየውን ቁጥር ስልኩ ላይ መጻፍን ግዴታ ያደረገው እንዲህ ያለውን በመሰልቸት የሚሰጥ "እሺ" ለመከላከል ነው።

አራተኛው የደህንነት ቁልፍ ወይም ፓስኪ ነው። ቁልፉ ፍላሽ የሚመስል፣ ኮምፒውተር ላይ የሚሰካ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ፓስኪ ደግሞ ያንኑ ሥራ በስልካችን አሻራ ወይም ፒን ይሠራል። ምስጢሩ ከድረ ገጹ አድራሻ ጋር የታሰረ ነው። ሐሰተኛው ገጽ የፈለገውን ያህል ቢመሳሰል አድራሻው ሌላ ስለሆነ ቁልፉ አይመልስለትም። የሚነበብ ኮድም የለም። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2022 የክላውድፍሌር ሠራተኞች የሐሰት መልእክት ደርሷቸው ሦስቱ ፓስወርዳቸውን በሐሰተኛው ገጽ ላይ ጻፉ። ሌቦቹ ግን አልገቡም፤ እያንዳንዱ ሠራተኛ ቁልፍ ነበረው። በዚያው ሰሞን ትዊሊዮ የተባለው ኩባንያ በተመሳሳይ ማታለያ ተጠቅቷል።

የሁለቱን ኩባንያዎች ልዩነት ልብ እንበል። የክላውድፍሌሮቹ ሦስት ሰዎችም ተታልለዋል። ያዳናቸው ብልጠታቸው ሳይሆን የተሰጣቸው መሣሪያ ነው። ስለዚህ ጥያቄያችንን ቀየርነው። "የትኛው ርካሽ ነው?" ማለት ትተን "ሠራተኛው ቢታለል እንኳ ለሌባው ምን አሳልፎ መስጠት ይችላል?" አልን።

የሰዓቱ ነገር

አፑን ስንሞክር ያልጠበቅነው እንቅፋት ገጠመን። የአንዲት ሠራተኛ ኮድ በፍጹም አልሠራ አለ። ብዙ ከደከምን በኋላ ስልካቸውን አየነው፤ ሰዓቱን በእጃቸው ወደ እኛው አቆጣጠር መልሰውታል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 2፡00 ይላል። ለአፑ ይህ የ6 ሰዓት ስህተት ነው፤ የሚያወጣው ኮድ ከ6 ሰዓት በፊት ያለፈበት ኮድ ነው። መፍትሔው ሰዓቱን "በራሱ ይስተካከል" የሚለው ላይ መመለስ ነው። የሐበሻ ሰዓት ማየት የሚፈልግ ለብቻው የሚያሳይ አፕ መጫን ይችላል። ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ላይ ይህን አላገኘነውም፤ እኛ አገር ግን መጀመሪያ ሊጠየቅ የሚገባው ነው።

ምን መረጥን?

ለሁሉም አንድ ዓይነት አልመረጥንም። ለሒሳብ ክፍል፣ ለሥራ አስኪያጁና ሲስተሙን ለሚያስተዳድረው ባለሙያ የደህንነት ቁልፍ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት፤ አንዱ ከእነሱ ጋር፣ ሌላው ካዝና ውስጥ። ቁልፉ ከውጭ ስለሚገዛ ለ40 ሰው አይቻልም ነበር፤ ገንዘብና ፈቃድ በእጃቸው ላለ 5 ሰዎች ግን ተችሏል። ለቀሩት፣ ስልካቸው አንድሮይድ 9 እና ከዚያ በላይ ከሆነና ሲስተሙ ከተቀበለ ፓስኪ፤ ካልሆነ አውቴንቲኬተር አፕ። የመጋዘን ኃላፊው ጋሼ ስማርት ስልክ የላቸውም፤ አስገድደን አላስገዛናቸውም። ስድስተኛው ባለ ቁልፍ እሳቸው ሆኑ፤ ከመጋዘኑ ቁልፍ ጋር በአንድ ማንጠልጠያ ይዘውታል። ኤስኤምኤስን ከሒሳብ ሲስተሙ ጨርሶ አስወጣነው።

የቀረው ስልክ ሲጠፋ የሚከፈተው በር ነበር። ፊት ለፊት ያለው በር ቢጠነክርም "ስልኬ ጠፍቷል፣ ክፈቱልኝ" ብሎ በደወለ ሰው ሁሉ የኋላው ከተከፈተ ድካማችን ከንቱ ነው። ስለዚህ በስልክ ጥሪ ብቻ ምንም አይከፈትም፤ ሠራተኛው በአካል መታወቂያ ይዞ ይቀርባል። የመጠባበቂያ ኮዶቹም ታትመው በታሸገ ፖስታ ካዝና ይገባሉ።

ለምን ይህን ያህል? በዚያ ሲስተም ውስጥ የደንበኞች ስም፣ ስልክ ቁጥርና ዕዳ አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይህን መረጃ የያዘ ተቋም ተገቢውን ጥበቃ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ከአዋጁም በፊት አማና ነው።

ወደ ራሳችንም እንመለስ። የጀመዓችን የቴሌግራም ቻናል አድሚኖች ስንት ናችሁ? ቴሌግራም አዲስ ስልክ ላይ ሲከፈት ኮድ ይልካል፤ ያንን ኮድ "በስህተት አንተ ጋ ተልኮብኝ ነው" ላለን ሰው ከሰጠነው፣ ሌባው በእኛ ስም ለታመመ ወንድማችን ሶደቃ ይሰበስብበታል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ እናብራ፤ ሥራው ሁለት ደቂቃ ነው።

ለሐለቃችን መወያያ፦
1. እያንዳንዳችን የምንጠቀምበት ሁለተኛ ማረጋገጫ ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይችላል ወይስ አይችልም?
2. ስልካችን ዛሬ ማታ ቢጠፋ ወደ አካውንታችን በምን እንመለሳለን? ሌባውስ በዚያው መንገድ መግባት ይችላል?
3. ተለማማጅ ሆነን በምንገባበት ድርጅት ስማርት ስልክ የሌለውን ሠራተኛ ሳናሳፍር እንዴት እናካትተዋለን?