የማርያም ልጅ ኢየሱስ በክርስቲያኖችና በሙስሊሞች እምነት



በመርካቶ ሶማሌ ተራ በመኪና መለዋወጫ መደብሮች ተቀጥረው የሚሠሩ የቁምስናችን ወጣቶች ጥቂት አይደሉም። የዚህ ትምህርት መነሻ የሆነውን ጥያቄ ያቀረበልን ከእነርሱ አንዱ ነው። አሠሪው በዕድሜ የገፉ፥ በአካባቢው የተከበሩ ሙስሊም ናቸው። አንድ ቀን ከቀትር ሶላት መልስ፥ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰዓት፥ ልጁ ኩሽኔታ እየጠራረገ ሳለ፦ «ልጄ፥ እኛም ዒሳን እንወዳለን፤ ከድንግል መወለዱንም እናምናለን። እናንተ ግን ከዚህ አልፋችሁ የአላህ ልጅ ነው ትላላችሁ። አላህ ሚስት አለውን?» ብለው ጠየቁት። ልጁም ደንግጦ፦ «ሐጂ፥ የምናመልከው አንድ አምላክ ነው፤ ምንም ልዩነት የለንም» ብሎ ዝም አለ። በአጠገቡ ባለው መደብር የሚሠራ ባልንጀራው ይህን ሲሰማ «ሃይማኖትህን ካድህ» ብሎ ተቆጣው። ሁለቱም በእሑድ ትምህርት ላይ መጥተው «ትክክሉ ማንኛችን ነን?» አሉን።

እንደ እኛ አስተያየት፥ ሽማግሌው ላነሡት ጥያቄ ከሁለቱም መልስ አላገኙም። የመጀመሪያው ልጅ ግማሽ እውነት ተናግሯል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በጥቅምት 1958 ዓ.ም. (1965 እ.ኤ.አ.) «ኖስትራ ኤታቴ» በተባለው መግለጫው፥ ሙስሊሞች አንዱን፥ ሕያውና መሐሪ የሆነውን አምላክ እንደሚያመልኩ፥ ኢየሱስን አምላክ ነው ባይሉም እንደ ነቢይ እንደሚያከብሩት፥ እናቱን ድንግል ማርያምንም እንደሚያከብሩ መስክሯል። ስለዚህ አንድ አምላክ የማምለኩ ነገር ልክ ነው፤ «ልዩነት የለንም» የሚለው ግን ልክ አይደለም፤ ያው ጉባኤ በዚያው አንቀጽ ልዩነቱን ሳይሸሽግ ተናግሮታልና።

መርካቶን የሚያውቅ ሰው ይህ ልዩነት በመጽሐፍ ብቻ የተጻፈ አለመሆኑን ያውቃል። የታላቁ አንዋር መስጊድና የደብረ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በአንድ ገበያ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል። ጎረቤቶች በአንድ እድር ይቀባበራሉ፤ ለሠርግ ይጠራራሉ፤ ነገር ግን ወደ ሥጋው ሲደርሱ ማዕዱ ይለያያል፤ አንዱ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ተብሎ የታረደውን፥ ሌላው «ቢስሚላህ» የተባለበትን ይበላል። ሥጋ ቤቱ ራሱ የነገረ መለኮት ትምህርት ይሰጣል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ጥያቄውም ለሀገራችን አዲስ አይደለም። የሙስሊሞች ጥንታዊ የታሪክ ጸሐፊ ኢብን ኢስሐቅ እንደሚተርከው፥ በ615 እ.ኤ.አ. ገደማ የነቢዩ መሐመድ ተከታዮች ከመካ ስደት ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። የቁረይሽ መልእክተኞችም እነርሱን አስመልሰው ለመውሰድ ተከትለዋቸው ደረሱ። ንጉሡ ስደተኞቹን ባስቀረባቸው ጊዜ ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ስለ ማርያም ከሚናገረው ከ19ኛው የቁርኣን ምዕራፍ አነበበለት፤ ንጉሡና ጳጳሳቱም አለቀሱ። ነገሩ አለቀ ሲባል ከመልእክተኞቹ አንዱ በማግስቱ ተመልሶ፥ እነዚህ ሰዎች ስለ ኢየሱስ ከባድ ነገር ይናገራሉና ይጠየቁ አለ። ጃዕፈርም ኢየሱስ የአላህ ባሪያና መልእክተኛ፥ ወደ ድንግል ማርያም የላከው ቃሉና ከእርሱ የሆነ መንፈስ ነው ብሎ መለሰ። ንጉሡ ከመሬት አንዲት እንጨት አንሥቶ፥ እናንተ በተናገራችሁትና በኢየሱስ መካከል ያለው ልዩነት የዚህችን እንጨት ያህል እንኳ አይሆንም አለ። በዙሪያው የነበሩት ግን አጉረመረሙ።

ንጉሡ በኋላ እስልምናን ተቀብሏል የሚለው የሙስሊሞች ትውፊት ነው፤ ክርስቲያኖች ይህን አይቀበሉም፤ እኛም እዚህ አንከራከርበትም። ከትረካው የምንወስደው ሁለት ነገር ነው። በንጉሡ ዙሪያ የነበሩት ቢያጉረመርሙም ስደተኞቹ ጥገኝነታቸውን አላጡም። ደግሞም ማጉረምረሙ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ጃዕፈር የተጠቀመባቸው ቃላት የቤተ ክርስቲያንም ቃላት ነበሩና የሚጠየቀው ሁለቱ ወገኖች በእነዚህ ቃላት ምን ማለታቸው እንደ ሆነ ነው።

አስቀድመን ጎረቤታችን የሚያምነውን ከራሱ መጽሐፍ እንወቅ። ቁርኣን በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ ተተርጉሞ በአዲስ አበባ ስለ ታተመ «አረብኛ አናውቅም» የሚለው ምክንያት ለአስተማሪ አያገለግልም። በዚያ መጽሐፍ በስሟ የተጠራች ሴት ማርያም ብቻ ናት። ኢየሱስ ያለ አባት ከድንግል መወለዱ፥ መሲሕ መባሉ፥ ዕውርን ማብራቱ፥ ለምጻምን ማንጻቱ፥ ሙታንን ማስነሣቱ ሁሉ ተጽፏል፤ ይህ ሁሉ ግን በአላህ ፈቃድ እንደ ተደረገ በየጊዜው ይጨመርበታል። ያለ አባት መወለዱም የአምላክነቱ ምልክት ሆኖ አልተቆጠረም፤ አዳምም ያለ አባትና ያለ እናት ተፈጥሯል ይላልና (3፡59)። በልደቱ ትረካ ገና በአልጋ ያለ ሕፃን ሳለ አፉን ከፍቶ የመጀመሪያ ንግግሩ እኔ የአላህ ባሪያ ነኝ የሚል ነው (19፡30)። ለሙስሊም ወገናችን ይህ ስም ውርደት አይደለም፤ ለአላህ ባሪያ መባል የነቢያት ሁሉ ክብር ነው። እኛ ኢየሱስን ነቢይ ብቻ ማለት ማሳነስ መስሎ ሲሰማን፥ እርሱ ግን ከሰው ልጅ ማዕርግ ከፍተኛውን የሰጠው ይመስለዋል። ይህን ያልተረዳ ክርስቲያን በከንቱ ይቆጣል።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ እንመለስ። ቁርኣን ለአላህ ሚስት ሳትኖረው እንዴት ልጅ ይኖረዋል ብሎ ይጠይቃል (6፡101)። እዚህ ላይ ብዙ ወጣቶቻችን ሳያውቁት የሚዘነጉት ነገር አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ትክዳለች። እግዚአብሔር ሚስት አግብቶ ልጅ ወለደ የሚል ሰው ቢገኝ ከሙስሊሙ ቀድመን የምናወግዘው እኛ ነን። አባቶቻችን ስለ ሁለቱ ልደታት ያስተማሩን ለዚህ ነው፤ ቅድመ ዓለም ከአብ ያለ እናት፥ ድኅረ ዓለም ከእመቤታችን ያለ አባት ተወለደ። የመጀመሪያው ልደት ጊዜ የሌለው፥ ሥጋዊ ግንኙነትም የማይታሰብበት ነው። ልብ ቃልን ሲያስገኝ ልብ እንደማይከፈል፥ ቃሉም ከልብ በኋላ የተፈጠረ ባዕድ ነገር እንዳልሆነ በምሥጢረ ሥላሴ ትምህርት የምንሰጠውን ምሳሌ እዚህ ላይ ማንሣት ይጠቅማል።

የቋንቋውም ነገር ልብ ሊባል ይገባል። በግእዝ «ወልድ» የምንለው ቃል በአረብኛ «ወለድ» ከሚለው ጋር ከአንድ ሥር የወጣ ነው፤ ቁርኣን አላህ ልጅ የለውም ሲል ዘወትር የሚጠቀመውም በዚሁ «ወለድ» በሚለው ቃል ነው፤ የአብራክ ክፋይ ማለት ነውና። አረብኛ ተናጋሪ ክርስቲያኖች ግን አብ፥ ወልድ፥ መንፈስ ቅዱስ ሲሉ «ኢብን» ይላሉ። «ኢብን» ሰፋ ያለ ነው፤ ቁርኣን ራሱ መንገደኛን «ኢብን አስ-ሰቢል» ማለት «የመንገድ ልጅ» ይለዋል (2፡177)። እኛም «የመርካቶ ልጅ» ስንል የመርካቶን ሚስት የሚጠይቀን የለም። ስለዚህ በልጅነቱ አረብኛ የቀራ ሽማግሌ የእኛን «ወልድ» ሲሰማ በጆሮው የሚገባው እኛ ካሰብነው ሌላ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን እንጠንቀቅ፤ ይህ ማብራሪያ የተሳሳተውን ትርጉም ለማንሣት ብቻ ነው። ጌታችን ልጅ የሚባለው እንዲያው በአነጋገር ዘይቤ አይደለም። በ325 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤ፥ ወልድ ፍጡር ነው ያለውን አርዮስን አውግዞ፥ ወልድ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን ወስኗል። ጥያቄውን ለማቅለል ብለን ይህን እምነት ብንተው ሽማግሌውን አላከበርናቸውም፤ የጠየቁት የእኛን እምነት ነውና።

ኢየሱስ የእግዚአብሔር ቃልና ከእርሱ የሆነ መንፈስ መባሉ በ4ኛው ምዕራፍ ቁጥር 171 ይገኛል። ብዙ ክርስቲያኖች ይህን ጥቅስ እንደ ወጥመድ ይዘውት ይዞራሉ። ሐሳቡ ጥንታዊ ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ ዘደማስቆ በሙስሊም ኸሊፋዎች ዘመን ኖሮ፥ ቃልና መንፈስ ከእግዚአብሔር የማይለዩ ከሆኑ ኢየሱስ አምላክ ነው ብሎ ተከራክሯል። በሀገራችንም በ16ኛው ምዕተ ዓመት ከየመን የመጣው፥ ከእስልምና ወደ ክርስትና ገብቶ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰው እንባቆም፥ «አንቀጸ አሚን» በተባለው ድርሰቱ ለኢማም አሕመድ ከቁርኣን እየጠቀሰ ጽፎለታል። አብያተ ክርስቲያናት በሚቃጠሉበት ዘመን በብዕር ብቻ የቆመ ሰው ነውና እናከብረዋለን።

ይሁን እንጂ ለዛሬ አስተማሪ ያንን መንገድ አንመክርም። ያው ቁጥር «ሦስት» አትበሉ ብሎ ይከለክላል፤ የሙስሊም ሊቃውንትም «ቃሉ» ማለት «ሁን» በሚለው ትእዛዝ ተፈጠረ ማለት ነው ብለው ይተረጉሙታል። ግማሹን ጥቅስ ይዘን ግማሹን ብንተው፥ እነርሱም ከወንጌል «አብ ከእኔ ይበልጣል» የሚለውን ብቻ (ዮሐ. 14፡28) መዝዘው ሲያመጡ ምን እንመልሳለን? ለዚህ ጥቅስ የቤተ ክርስቲያን መልስ አለ፤ በ451 እ.ኤ.አ. የኬልቄዶን ጉባኤ እንዳስተማረው፥ አንዱ ጌታ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነውና በሰውነቱ የተናገረውን በመለኮቱ ላይ አንጭንም። በዚህ ጉባኤ ቃላት ላይ ከኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን ጋር ለረጅም ዘመን መለያየታችን ይታወቃል፤ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በ1973 እ.ኤ.አ. የፈረሙት መግለጫ ግን የክርስቶስን ፍጹም አምላክነትና ፍጹም ሰውነት ያለ መለየት፥ ያለ መቀላቀል በጋራ መስክሯል።

እዚህ ላይ በመንገዳችን ያገኘነውን አንድ ነገር እንጥቀስ። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችን «ተዋሕዶ» የሚሉትና ሙስሊሞች «ተውሒድ» የሚሉት ቃል ሥሩ አንድ ነው፤ «አንድ መሆን» ነው። ሙስሊሙ በዚህ ቃል አምላክን ከፍጡር ሁሉ ለይቶ አንድ ያደርገዋል፤ ክርስቲያኑ አምላክ ከእኛ ሥጋ ጋር አንድ ሆነ ይልበታል። ልዩነታችን ከዚህ በተሻለ በአንድ ቃል ሊገለጽ አይችልም።

የሙስሊም ወገናችን «ይህ ለአምላክ አይገባም» ማለቱ ከንቀት አይመጣም፤ ለአምላክ ታላቅነት ካለው ቅንዐት ይመጣል። በመስቀሉም ነገር እንዲሁ ነው። ቁርኣን ኢየሱስ አልተገደለም፥ አልተሰቀለምም፤ ለእነርሱ መሰላቸው እንጂ፤ አላህ ወደ ራሱ አነሣው ይላል (4፡157-158)። ብዙ ተርጓሚዎቻቸው ሌላ ሰው በእርሱ አምሳል ተሰቀለ ብለው ያስተምራሉ። አላህ የሚወደውን መልእክተኛ ለጠላቶቹ እጅ አሳልፎ አይሰጥም የሚል እምነት ከበስተጀርባው አለ። እኛ ግን በስቅለት ዕለት የምንሰግደው ለዚያው ለተሰቀለው ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች እንደ ጻፈው (2፡6-8) ጌታችን ራሱን ባዶ አድርጎ የባሪያን መልክ ያዘ፤ እስከ መስቀል ሞትም ታዘዘ። «የእግዚአብሔር ባሪያ» የሚለው ስም በእኛም መጽሐፍ አለ ማለት ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ባሪያ የሆነው ራሱ ጌታው ነው። የአምላክ ታላቅነት ዝቅ ማለትን ይጨምራል ወይስ አይጨምርም? ስለ ሚስትና ስለ ልጅ የተነሣው አለመግባባት ከተጠረገ በኋላ የሚቀረው እውነተኛው ጥያቄ ይህ ነው፤ እርሱንም በክርክር ያሸነፈ ሰው አላየንም።

ይህን ትምህርት በሦስት እሑዶች ከሰጠን በኋላ ወጣቱ ወደ አሠሪው ተመልሶ፦ «ሐጂ፥ ባለፈው የጠየቁኝን በደንብ አልመለስኩልዎትም። እግዚአብሔር ሚስት አለው ማለት በእኛም ዘንድ ክሕደት ነው። ልጅ የምንለው ቃሉን ነው፤ ቃሉም ሰው ሆነ ብለን እናምናለን። በዚህ እንለያያለን» አላቸው። ሽማግሌውም ጥቂት ዝም ብለው፦ «ሚስቱን እንደማትሉ ዛሬ ገና ሰማሁ። ሰው ሆነ የምትሉትን ግን አልቀበልህም» አሉት። ከዚያም ስለ መስቀሉ ጠየቁት፤ እርሱንም የሚያውቀውን ያህል ነገራቸው። አልተስማሙም። የዐሥር ሶላት ሰዓት ሲደርስ መደብሩን ለእርሱ ትተውለት ወደ አንዋር ሄዱ።