«ለበጎ ነው» ማለት ብቻውን መታዘዝ ነው?
(ከአቡነ ጴጥሮስ ሕይወት የምንማረው)

መግቢያ

ከማዘጋጃ ቤት በታች ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው፣ ቸርችል ጎዳና እስከ ለገሃር ድረስ ተዘርግቶ ይታየዋል። ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው በታክሲ መስኮት ነው። ዋናውን ፖስታ ቤት፣ ጥቁር አንበሳን እያየን እንወርዳለን፣ እንወጣለን። ከላይኛው ጫፍ ላይ ግን፣ ፒያሳ መግቢያው ላይ፣ አይተነው እንዳላየ የምናልፈው አንድ ሐውልት አለ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ነው።

መምህሮቼ ይቅር ይበሉኝና የመጀመሪያ ምርጫዬ ጋዜጠኝነት አልነበረም፤ ሕግ ነበር። ባለፈው ዓመት ምደባው ሲለጠፍ ስሜን ያገኘሁት በማላስበው ዝርዝር ውስጥ ነው። ቤት ስገባ እናቴ «ለበጎ ነው» አለችኝ። የዶርም ጓደኞቼ «ለበጎ ነው» አሉኝ። እኔም ሰው ሲጠይቀኝ «ለበጎ ነው» ማለት ለመድኩ። ታዲያ ውስጤ ያልተቀበለውን ነገር አፌ «ለበጎ ነው» እያለ ወራት አለፉ። ክፍል እየቀረሁ፣ ሥራዬን እያሳደርኩ፣ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» እል ነበር። ይሄ ነገር እውነት መታዘዝ ነው ወይስ ስንፍና? ብዬ ራሴን የጠየቅኩት አንድ ቀን በዚያ ሐውልት በኩል ሳልፍ ነው።

የእኔ ጉዳይ ከእርሳቸው ጋር የሚወዳደር እንዳልሆነ አላጣሁትም። እኔ የጠፋብኝ ምርጫ ነው፤ እርሳቸው የሰጡት ነፍሳቸውን ነው። ቢሆንም ትልቁ ነገር ትንሹን ያስተምራልና እስቲ አብረን እንየው።

ያልታሰበው መታጠፊያ

አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ሰው ናቸው። ከጵጵስና በፊት ስማቸው ኃይለ ማርያም ነበር። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በመማር፣ በምንኩስናና በማስተማር ነው። በግንቦት 1921 ዓ.ም. ከአቡነ አብርሃም፣ ከአቡነ ሚካኤልና ከአቡነ ይስሐቅ ጋር ግብፅ ላይ ጵጵስና ተቀበሉ።

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከአባ ሰላማ ዘመን ጀምሮ፣ 1600 ዓመት ያህል፣ ጳጳስ የሚመጣላት ከግብፅ ነበር። ያኔም ቢሆን አዲሶቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት ሌላ ጳጳስ እንዳይሾሙ ተደርገው ነው የተሾሙት። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ የገዳም መምህር በዚህ ዓይነት ሹመት ሲመለስ ከፊቱ የሚታየው ምንድን ነው? ማስተማር፣ መባረክ፣ ካህናትን ማብዛት፣ በመጨረሻም በሰላም ማረፍ። እርሳቸውም ከዚህ የተለየ ነገር ይጠብቁ ነበር ለማለት ምክንያት የለንም።

ሰባት ዓመት ሳይሞላ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። የኢጣሊያ ጦር ማይጨው ላይ ድል አደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ከአገር ወጡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ። አቡነ ጴጥሮስም በደብረ ሊባኖስና በሰላሌ በኩል ከነበሩት አርበኞች ጋር ሆኑ። በሐምሌ ወር ደጃዝማች አበራ ካሣና ወንድማቸው አስፋ ወሰን ካሣ የተሳተፉበት ጦር አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ሲዘምት እርሳቸውም አብረው መጡ። ክረምት ነው፤ ወንዝ ሞልቷል፤ በየአቅጣጫው የተነሳው ጦር በአንድ ሰዓት ሊገናኝ አልቻለም። ጥቃቱ ሳይሳካ ቀረ። አቡነ ጴጥሮስ ተያዙ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በሕዝብ ፊት በጥይት ተገደሉ።

የዳኞቹ ጥያቄ

የዚህ ታሪክ ልብ ያለው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በፍርዱ ላይ ነው። ለፍርድ በቀረቡ ጊዜ፣ ሊቀ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም ሌሎች ካህናትም ለኢጣሊያ ሲገዙ እርስዎ ብቻዎን ለምን አመፁ የሚል ጥያቄ እንደቀረበላቸው ይተረካል።

ጥያቄው ተንኮል አለበት። የተከሰሱት በአመፅ ብቻ አይደለም፤ ባለመታዘዝ ነው። «አለቃዎ ከታዘዘ እርስዎ ማን ነዎት?» ማለት እኮ ነው። ለመነኩሴ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የሚያም ክስ የለም፤ ምንኩስና ራሱ መታዘዝ ነውና።

መልሳቸውም እንደሚተረከው አጭር ነበር። አቡነ ቄርሎስ ግብፃዊ ናቸው፤ እኔ ግን ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ስለ ሕዝቤና ስለ ቤተ ክርስቲያኔ ኃላፊነት አለብኝ የሚል ነው። ሕዝቡም ለወራሪው እንዳይገዛ ገዝተዋል። ልብ በሉ፣ «መታዘዝ አያስፈልግም» አላሉም። የተሰጣቸውን አደራ ነው የጠሩት። በ1921 ዓ.ም. መንጋ ተቀብለዋል፤ በ1928 ዓ.ም. ዘመኑ ቢገለበጥም አደራው አልተነሳላቸውም።

ሁለት ዓይነት መታዘዝ

እዚህ ላይ መጽሐፍ ቅዱስን ያነበበ ሰው ወዲያው አንድ ጥያቄ ያነሳል። ሮሜ ምዕራፍ 13 ለባለ ሥልጣን መገዛትን ያስተምር የለም? ያስተምራል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ደግሞ ሐዋርያው ጴጥሮስ በሸንጎ ፊት ቆሞ ከሰው ይልቅ ለእግዚአብሔር መታዘዝ እንደሚገባ ይመሰክራል። ሁለቱ አይጣሉም። የመጀመሪያው መንግሥት በጎውን ሲያደርግና ክፉውን ሲቀጣ ነው፤ ሁለተኛው ሰው ከተሰጠው አደራ እንዲወጣ ሲታዘዝ ነው።

በጌቴሴማኒ የሆነውንም እናስታውስ። ጌታችን ፈቃድህ ይሁን ብሎ የጸለየው በመጀመሪያ ጽዋው እንዲያልፍ ከለመነ በኋላ ነው። ደግሞም የተገዛው ለአባቱ ፈቃድ እንጂ ለጲላጦስ ፈቃድ አይደለም። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሁለቱን እናደባልቃለን። የሆነውን ሁሉ «ፈቃዱ ነው» እንላለን። በ1928 ዓ.ም. በዚህ አነጋገር ቢሄዱ ኖሮ የጠላት መግባትም «ለበጎ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። አቡነ ጴጥሮስ ግን የሆነውንና የታዘዙትን ለይተው አወቁ። መታጠፊያውን እርሳቸው አልመረጡትም፤ በመታጠፊያው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ግን መረጡ።

በዮሐንስ ወንጌል መጨረሻ ላይ ጌታ ለስምዖን ጴጥሮስ ሁለት ነገር ይነግረዋል። በጎቼን ጠብቅ ይለዋል፤ ቀጥሎም ስታረጅ ሌላ ሰው ወደማትወደው ይወስድሃል ይለዋል። ሁለቱ የተነገሩት በአንድ ቦታ ነው። ወደማትወደው መወሰድህ በግ ጠባቂነትህን አያስቀረውም ማለት ይመስለኛል። አቡነ ጴጥሮስ በዚህ ሐዋርያ ስም መጠራታቸው የሚያስገርም ነው።

በሌሎቹ አንፍረድ

እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ቀና አይደለም። ግብፅ ላይ አብረው ከተሾሙት መካከል አቡነ ሚካኤል ከጥቂት ወራት በኋላ ጎሬ ላይ በኢጣሊያኖች ተገድለዋል። አቡነ አብርሃም ደግሞ በ1930 ዓ.ም. ኢጣሊያኖች ቤተ ክርስቲያኗን ከእስክንድርያ ሲለዩ ሊቀ ጳጳስ ሆነው ተሹመዋል። አንድ ሹመት፣ አንድ መታጠፊያ፣ የተለያየ መንገድ።

ዛሬ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «እኔ ብሆን እንዲህ አላደርግም ነበር» ማለት ቀላል ነው። ደፋር አይደለሁምና አልለውም። ነገር ግን ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። ሹመት ወይም እውቀት ብቻውን ሰውን በመታጠፊያ ላይ አያቆምም። ሰው በጨለማ ሰዓት የሚያደርገውን በብርሃን ጊዜ ሲለማመድ መቆየት አለበት። አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 22 ድንገት ታዛዥ አልሆኑም፤ ከልጅነት ጀምሮ በየዕለቱ የታዘዙ ሰው ነበሩ።

ለእኛስ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች?

በዚያው በ1928 ዓ.ም. አንድ ኢጣሊያዊ ጋዜጠኛ አዲስ አበባ ውስጥ ነበር። ስሙ ቺሮ ፖጂያሊ ይባላል፤ የኮሪየሬ ዴላ ሴራ ዘጋቢ ነው። ለጋዜጣው የሚጽፈው የፋሺስት መንግሥት የሚፈቅደውን ነበር። ማታ ማታ ግን በግሉ ማስታወሻ ይይዝ ነበር። የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ ያየውን በዚያ ላይ ጽፎታል። ማስታወሻው በመጽሐፍ የወጣው በ1971 እ.ኤ.አ. ነው፤ እውነቱ ከሠላሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ደረሰ።

ይህ ሰው ለእኔ በጣም ቅርብ ነው፤ ከጳጳሱ ይልቅ እርሱን የምመስል ይመስለኛል። የሚያየውን ያውቃል፤ የሚጽፈው ሌላ ነው። እጁ ለአለቃው ይታዘዛል፤ ልቡ ደግሞ ለእውነት። ማስታወሻው ባይኖር ግን ብዙ ነገር እናጣ ነበርና ጨርሰን አንኮንነው። ቢሆንም ነገ ከነገ ወዲያ እኛም የዜና ክፍል ስንገባ ይህ መታጠፊያ ይጠብቀናል። ያን ጊዜ አደራችን ምን እንደነበረ ካሁኑ ካላወቅን፣ «አለቃዬ ካለ እኔ ማን ነኝ» ማለታችን አይቀርም።

ማጠቃለያ

ሐውልቱ ራሱ ያልታሰበ መታጠፊያ ደርሶበታል። በ2005 ዓ.ም. ለቀላል ባቡር ሥራ ተነቅሎ ተወሰደ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ ባቡሩ ከሥሩ በዋሻ ያልፋል። የፒያሳም መልክ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል።

እኔም ጋዜጠኝነት ለምን እንደደረሰኝ እስካሁን አላውቅም። «ለበጎ ነው» ማለቱን ትቻለሁ፤ ለበጎ ይሁን አይሁን የሚያውቀው እርሱ ነው። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው፤ ክፍል መግባት፣ የተሰጠኝን ዘገባ ሰው አነጋግሬ፣ ሳልዋሽ፣ በሰዓቱ ማስረከብ። እምነት ማለት መታጠፊያው ወዴት እንደሚያደርስ ማወቅ ሳይሆን በመታጠፊያው ላይ አደራን አለመጣል ነው ብዬ አምናለሁ።

ለውይይት

1. በሕይወታችሁ «ለበጎ ነው» ብላችሁ ያለፋችሁት፣ ነገር ግን ልትሠሩበት የሚገባ ነገር አለ?
2. አለቃ ሲያዝና ሕሊና ሲከለክል፣ አደራችንን በምን እናውቀዋለን?
3. ፖጂያሊን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?

ቸር ያቆየን!