ተሳቢ ለሚጎትት የጭነት መኪና የሞተር ምርጫ፤ ቤንዚን ወይስ ናፍጣ?

አንድ የገበሬዎች ማኅበር ወይም አንድ ባለ እርሻ የጭነት መኪና ለመግዛት ባሰበ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ ሞተሩ ቤንዚን ይሁን ወይስ ናፍጣ የሚል ነው። በሜዳ አገር ይህ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ ነው። በተራራ አገር ግን፥ ይልቁንም ከመኪናው በስተኋላ ተሳቢ የታሰረ እንደሆነ፥ የሕይወትም ጥያቄ ይሆናል። ብዙ ቤተ ሰቦች ለዓመታት ያጠራቀሙት ገንዘብ በአንድ መኪና ላይ ይውላል፤ ሾፌሩና ረዳቱም ነፍሳቸውን ለፍሬኑ አደራ ሰጥተው ቁልቁለቱን ይወርዳሉ። ስለዚህ ምርጫው በወሬ ሳይሆን በዕውቀት ሊሆን ይገባል።

መንገዱን አስቀድሞ ስለ መመርመር

ከአሥመራ ወደ ምፅዋ የሚወርደውን መንገድ ለምሳሌ መመልከት ይበቃል። አሥመራ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስትገኝ ምፅዋ በባሕሩ ዳር ናት፤ በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 115 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ይህን አቀበት ለማሸነፍ ብዙ ተደክሟል። ከምፅዋ የተነሣው የባቡር ሐዲድ አሥመራ የደረሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1911 ነው፤ በ1937 ደግሞ ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአየር ገመድ ተዘርግቶ ነበር፤ እርሱም ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተነቅሏል። በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው የዓባይ በረሃም እንዲሁ ነው፤ መኪናው በአንዱ ወገን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፥ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ በሌላው ወገን ያንኑ ያህል መውጣት አለበት።

ገዢው ከመግዛቱ በፊት ስለሚሄድበት መንገድ ሦስት ነገር ለይቶ ይጻፍ። 1ኛ፤ የመንገዱ ከፍተኛ ስፍራ ከባሕር ወለል ምን ያህል ከፍ እንደሚል። 2ኛ፤ ዳገቱ ምን ያህል እንደሚረዝምና እንደሚቀና። 3ኛ፤ መኪናው ሙሉ ጭነት የሚይዘው በመውጣት ጊዜ ነው ወይስ በመውረድ ጊዜ። ከደጋ ወደ ወደብ ፍራፍሬና አትክልት የሚያወርድ መኪና ዋና ፈተናው ቁልቁለቱ ነው። ከወደብ ማዳበሪያና የእርሻ መሣሪያ የሚያወጣ ግን ዋና ፈተናው ዳገቱ ነው።

ሁለቱ ሞተሮች እንዴት እንደሚሠሩ

ኒኮላውስ ኦቶ የተባለው ጀርመናዊ ባለ አራት ምት ሞተሩን በ1876 ሠርቶ አሳየ። የቤንዚን ሞተር የዚህ ተወላጅ ነው፤ አየርና ቤንዚን ተቀላቅለው ወደ ሲሊንደሩ ይገባሉ፥ ፒስተኑም ይጨምቃቸዋል፥ ከዚያም ካንዴላው በኤሌክትሪክ ብልጭታ ያቃጥላቸዋል። ሩዶልፍ ዲዝል ደግሞ በስሙ የሚጠራውን ሞተር በ1897 በሚገባ እንዲሠራ አደረገ። በዚህኛው ካንዴላ የለም፤ አየሩ ብቻውን ገብቶ እጅግ ስለሚጨመቅ በኃይል ይሞቃል፥ ናፍጣውም በዚያ ትኩስ አየር ላይ ሲረጭ በራሱ ይቀጣጠላል።

የቤንዚን ሞተር አየሩን በተለመደው ከ8 እስከ 12 እጥፍ ሲጨምቅ፥ የናፍጣ ሞተር ከ15 እስከ 22 እጥፍ ይጨምቃል። ይህን ግፊት እንዲችል የናፍጣ ሞተር ብረቱ ወፍራም፥ ክብደቱ ብዙ፥ ዋጋውም ከፍ ያለ ይሆናል። በአንጻሩ ግን ከተቃጠለው ነዳጅ የሚበልጠውን ክፍል ወደ ሥራ ይለውጣል፤ በዝግታ በሚዞርበትም ጊዜ የመጎተት ኃይሉ ብርቱ ነው። የቤንዚን ሞተር ያንኑ ሥራ እንዲሠራ በፍጥነት መዞር አለበት፤ ስለዚህ ሾፌሩ በዳገት ላይ ማርሽ ቶሎ ቶሎ ይቀንሳል፥ ሞተሩም እየጮኸ ይወጣል።

የከፍታ ነገር

ሞተር እንደ ሰው በአየር ይኖራል። ወደ ላይ በተወጣ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ በ2,300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከመቶ 76 እጅ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አየር ገፍቶ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው ሞተር፥ ቤንዚንም ይሁን ናፍጣ፥ በየ100 ሜትሩ ከኃይሉ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ያጣል።

ይህን በቁጥር መመልከት ይቻላል። መኪናው ከነተሳቢውና ከነጭነቱ 10 ቶን ይመዝናል እንበል። በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚነሣውን ዳገት በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር እንዲወጣ፥ በካምቢዮውና በዲፈረንሲያሉ የሚባክነው ጭምር ሲታሰብ፥ 90 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልገዋል። በወረቀቱ ላይ 120 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር በአሥመራ ከፍታ የሚሰጠው 92 ያህል ነው፤ ስለዚህ በጭንቅ ይበቃል። በወረቀቱ 100 የተጻፈበት ግን 77 ብቻ ስለሚሰጥ፥ ፍጥነቱን ቀንሶና ማርሹን አውርዶ ካልሆነ አይወጣውም። በሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር በባሕር ወለል አካባቢ ያለ አየር እንደ ተለካ ገዢው አይዘንጋ።

ለዚህ ጉድለት መድኃኒቱ ቱርቦ የሚባለው መሣሪያ ነው። ስዊሳዊው አልፍሬድ ቡኪ በ1905 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት ይህ መሣሪያ፥ ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ እየዞረ አየር ወደ ሲሊንደሩ ገፍቶ ያስገባል። በአሁኑ ጊዜ የሚሠሩት የናፍጣ ካሚዮኖች አብዛኞቹ ቱርቦ አላቸው፤ ከቤንዚኖቹም ይህ ያላቸው አሉ። እንግዲህ ለደጋ አገር ከነዳጁ ዓይነት አስቀድሞ የሚጠየቀው ቱርቦ አለው ወይስ የለውም የሚለው ነው። ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር ቱርቦ ከሌለው አሮጌ ናፍጣ ይልቅ በተራራ ራስ ላይ ሊበረታ ይችላል።

በከፍታ ስፍራ ውሃም ቶሎ ይፈላል፤ በ2,300 ሜትር በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን የላላ እንደሆነ በቆላ ምንም ያልሆነው መኪና በደጋው ዳገት ላይ ይፈላበታል። ክዳኑ ርካሽ ነው፤ የተቃጠለ ሞተር ግን ርካሽ አይደለም።

ቁልቁለቱን ስለ መውረድ

አብዛኛው ገዢ የሚጠይቀው ስለ መውጣት ነው። አደጋው የሚበዛው ግን በመውረድ ነው። 10 ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር በወረደ ጊዜ የሚለቀቀው ኃይል 290 ሊትር ውሃ ከ20 እስከ 100 ዲግሪ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ከፊሉ በጎማው መንከባለልና በነፋሱ ይጠፋል፤ የቀረውን ግን ፍሬን ወይም ሞተር ሊሸከመው ግድ ነው። ሁሉ በፍሬኑ ላይ የወደቀ እንደሆነ ፍሬኑ ይግላል፥ ሽታው ይወጣል፥ በመጨረሻም ሾፌሩ ቢረግጠው አይዝም።

በዚህ ነገር የቤንዚን ሞተር አንድ ብልጫ አለው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ ባነሣ ጊዜ የአየሩ መግቢያ ስለሚዘጋ ሞተሩ አየር ለመሳብ ይታገላል፤ ይህም ትግል መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። የናፍጣ ሞተር ግን እንዲህ ያለ መዝጊያ በልማዱ ስለሌለው፥ የተጨመቀው አየር መልሶ ፒስተኑን ይገፋዋልና፥ ያለ ተጨማሪ መሣሪያ አያያዙ ደካማ ነው።

ይህን በራሱ ላይ ደርሶ ያየው ክሌሲ ከሚንስ የተባለው አሜሪካዊ የናፍጣ ሞተር ሠሪ ነው። በ1931 በናፍጣ ካሚዮን አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሲያቋርጥ፥ በካሊፎርኒያ የካሆን ማለፊያ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ አለው፤ በታች ባቡር ሐዲዱን እያቋረጠ ነበርና ለጥቂት ዳነ። ከዓመታት በኋላ የሞተሩን ቫልቭ በመክፈት የተጨመቀውን አየር የሚለቅና ሞተሩን ራሱን ፍሬን የሚያደርግ መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ይህም በ1961 ለገበያ ቀረበ። ከዚህ ሌላ የጭሱን መውጫ የሚዘጋ ቀለል ያለ የሞተር ፍሬንም አለ። ተሳቢ ለሚጎትት ናፍጣ መኪና ከእነዚህ አንዱ የግድ ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ የቀረበ ናፍጣ በዋጋ ቢረክስም ለተራራ መንገድ ሊገዛ አይገባም።

ሞተሩ ማንኛውም ይሁን፥ የሾፌሩ ሕግ አንድ ነው። ማርሹን የሚመርጠው ቁልቁለቱን ሳይጀምር ነው፤ በከባድ ቁልቁለት መካከል ማርሽ ለመቀነስ መሞከር ማርሹን አጥቶ መቅረትን ያመጣል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ መውረድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ፍሬኑንም ያለ ማቋረጥ ረግጦ ከመያዝ ይልቅ፥ ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል ቀንሶ መልቀቅ፥ ከዚያም እንዲነፍስበት ጊዜ መስጠት ይሻላል።

ስለ ተሳቢው

ከባድ ተሳቢ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። ባለ አንድ አክስል ተሳቢ በሚጫንበት ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ በመጎተቻው ላይ እንዲያርፍ ጭነቱ ወደ ፊት ይደረጋል፤ 2,000 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ይህ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ነው። ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ እንደሆነ ተሳቢው እንደ ጅራት ይወዛወዛል፥ በኩርባም ላይ መኪናውን ይገለብጣል። የእንስሳት ሐኪም ወይም ንብ አንቢ በየተራራው የሚያድርበት ባለ ቤት ተሳቢ ደግሞ ግድግዳው ከፍ ያለ ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፤ ክብደቱ ቢቀልም ፍጥነትን መቀነስ ያሻዋል። ደኅንነት መጠበቂያው ሰንሰለትም ሳይታሰር ከግቢ መውጣት አይገባም።

የወጪው ሒሳብ

አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን ይልቅ ከመቶ ከ10 እስከ 15 እጅ የሚበልጥ የሙቀት ኃይል አለው፤ ሞተሩም ቆጣቢ ስለሆነ ልዩነቱ ይሰፋል። ለምሳሌ የቤንዚኑ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 40 ሊትር፥ የናፍጣው 30 ሊትር ይጠጣሉ እንበል። ደርሶ መልስ 230 ኪሎ ሜትር በሆነ መንገድ የናፍጣው መኪና በአንድ ጉዞ 23 ሊትር ያተርፋል። በዓመት 100 ጉዞ የሚያደርግ ማኅበር 2,300 ሊትር ይቆጥባል። የናፍጣው መኪና በግዢ ጊዜ በ6,900 ሊትር ነዳጅ ዋጋ ያህል ቢወደድ፥ የነዳጆቹ ዋጋ እኩል የሆነ እንደሆነ፥ ብልጫው በሦስት ዓመት ይመለሳል። ነገር ግን በመከር ጊዜ ብቻ 16 ጉዞ የሚያደርግ ገበሬ በዓመት የሚቆጥበው 368 ሊትር ስለሆነ፥ ብልጫውን ለማስመለስ 19 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። እንግዲህ ትክክለኛውን መልስ የሚሰጠው የጉዞው ብዛት ነው። ማንኛውም ማኅበር የራሱን ቁጥር በዚህ ዓይነት አስገብቶ ማስላት ይችላል።

ስለ አያያዝ

የናፍጣ ሞተር ውሃና ቆሻሻ ጠላቱ ነው። የአሁኖቹ የናፍጣ መርጫዎች እጅግ ረቂቅ ስለሆኑ፥ በበርሜል ታች የተጠራቀመ ውሃ አንድ ጊዜ የገባ እንደሆነ ከባድ ወጪ ያስከትላል። ስለዚህ በርሜሉ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ፥ ከሥሩ አይቀዳ፥ ፊልትሮውም በጊዜው ይለወጥ። ጭስ ማጣሪያ ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች ድኝ የበዛበት ናፍጣ ስለማይስማማቸው፥ በአካባቢው የሚገኘው ነዳጅ ምን ዓይነት እንደሆነ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። የቤንዚን ሞተር ከዚህ ይልቅ ለመጠገን ይቀላል፤ ነዳጁ ግን አደገኛ ነው። ቤንዚን በብርድ ጊዜም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል፤ ናፍጣ ግን ከ50 ዲግሪ በላይ ሳይሞቅ እንዲህ ያለ ትነት አይሰጥም። በእህል ጎተራና በድርቆሽ አጠገብ ነዳጅ ለሚያስቀምጥ ገበሬ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መደምደሚያ

ዓመቱን ሙሉ ከባድ ተሳቢ ይዞ ረዥም ዳገት ለሚመላለስ፥ ቱርቦና የሞተር ፍሬን ያለው ናፍጣ ይመረጣል። ቀላል ተሳቢ ይዞ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለሚጓዝ፥ የናፍጣ መርጫ የሚያውቅ መካኒክም በአቅራቢያው ለሌለው፥ የቤንዚን መኪና አያሳፍርም። ለሁለቱም ግን መኪናው በሻጩ በር ላይ ባዶውን ሳይሆን፥ ጭነቱን ይዞ በዳገቱና በቁልቁለቱ ላይ ይፈተን። ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ፍሬኑ በዚያ ቢመሰክር፥ ሸክሙም ሰውም በደኅና ወደ ቤቱ ይመለሳል።